የከረጢቱ ሆድና አፍ

ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት ለማደር ስንነሣ ከብርዱም በላይ ያሳሰበን የስንቁ ጉዳይ ነበር፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ የመንዝ ሣር ምድር ቀይ ቀበሮን የሚቀልበው በአይጥ ነውና፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዞ እዚያ መተኛት ጠሪ የማያስፈልገው ድግስ መደገስ ነው። ስለዚህ ከማይዝግ ብረት እንደ ወንፊት የተሠራ የስንቅ ከረጢት ተዋስሁ። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሁልጊዜ መሞረድ አለባት፤ ፕላስቲኩንም ቆዳውንም ትቀረጥፋለች፣ እንዲህ ያለ ብረት ግን አይሆንላትም።

ይህን ሁሉ ደብረ ብርሃን ለምትኖረው አክስቴ ባስረዳት፣ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አንሥታ በብርሃን ተመለከተችና፣ «አንተ ልጅ፣ አይጥ ቀዳዳ ፍለጋ ትኖራለች፤ አንተ ደግሞ ቀዳዳ ተሸክመህላት ልትሄድ ነው?» አለችኝ። ትንሿ የቤት አይጥ ለመሹለክ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንደሚበቃት፣ የዚህ ወንፊት ዐይን ግን ከዚያ እጅግ እንደሚጠብ ብነግራትም አላመነችኝም።

ማሻሻያው በዚህ ተጀመረ። አክስቴ በሶው እንዳይበን ብላ ውስጡን በአቡጀዲ ለበጠችው፤ ለቡና የመጡት ጎረቤታችን ደግሞ ጨርቅ ሽታ ያሳልፋል በማለት አሮጌ አቁማዳ ቀደው በላዩ ደረቡበት። (አቁማዳ የፍየል ቆዳ እንደ መሆኑ አይጥ ከስንቁ እኩል እንደምትበላው ለማስታወስ አልደፈርሁም፤ የጎረቤትን ምክር መመለስ በረካውን ሳይጠጡ ከመነሣት ይብሳል።) ጡረታ የወጡ አንድ መምህርም የታችኛው ጥግ በሽቦ እንዲጠናከር አዘዙ፤ ሽቦ ፍለጋ የተላክሁት እኔ ነኝ። በአንድ ጣት ይንጠለጠል የነበረው ከረጢት አህያ የሚያስፈልገው ሆነ። ስለ አፉ ግን ማንም አላነሣም፤ የራሱ ማሰሪያ ለአዲሱ ውፍረት ቢያጥረው አክስቴ በጠፍር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

ጓሳ ላይ አድረን ሲነጋ ብናየው ብረቱ ጭረት አልነካውም፣ ሽቦውም እንደ ነበረ ነው፤ የጠፋው ጠፍሩ ነበር፣ ከጠፍሩም ጋር የዳቦ ቆሎው እኩሌታ።

ስመለስ፣ ልባሱ ሁሉ ወጥቶ አፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በብረት መቆንጠጫ ቢያዝ እንደሚበቃ ልናገር ስል አቦሉ ደረሰ። አክስቴ፣ «ቀዳዳ ነው ብዬህ ነበር» አለች፤ ጎረቤታችን በአሳብዋ ተስማሙ፤ መምህሩም ለሚቀጥለው ጉዞ የታችኛው ጥግ አንድ ዙር ሽቦ እንዲጨመርለት አሳሰቡ።