ካርቶኑ 4500 ዋት ይላል፣ ስፒናው ይስቃል

ኧረ አቦ! ድሬ ላይ አንድ ደህና ጁስ መፍጫ ለመግዛት የኤሌክትሪክ ምህንድስና መማር አለብኝ እንዴ?

የምፈልገው ተዓምር አይደለም። ጠዋት ማንጎ፣ ሙዝ፣ ጥቂት ተምር፣ አንድ ጭብጥ የባቢሌ ለውዝ፣ ከፍሪዘር የወጣ በረዶ። ፈጭቼ፣ ጠጥቼ፣ ወደ ሥራ። በቃ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ በጠዋቱ ፍርፍር ማን ይወርድለታል? ቀዝቃዛ ነገር ነው የሚያሻው።

እስቲ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ገብታችሁ «ጠንካራ ብሌንደር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ሳያቅማማ ካርቶን ያወርዳል። 4500 ዋት። ጎኑ ያለው 6000። «ከዚህም የባሰ አለ» ብሎ ከላይኛው መደርደሪያ 8500 ያመጣልሻል። 8500 ዋት እኮ ሁለት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ መሰካት ማለት ነው! ለአንድ ብርጭቆ ማንጎ!

«እህቴ፣ ወላሂ ድንጋይ ይፈጫል!»

ድንጋይ መች ጠየቅኩህ? በረዶ ነው ያልኩት። «በል እንሞክረው» ስለው ይሰካና ባዶውን ያስነሳዋል። ቪዝዝዝ። «አየሽ ጉልበቱን?» ምኑን ልየው? ባዶውን የማይዞር ሞተር አለ? ውሃና በረዶ ጨምርበት ስለው ፊቱ ይለዋወጣል። «ዕቃው አዲስ ነው፣ ከረጠበ ማን ይገዛኛል?» እኔ ደግሞ ሳልሞክረው ብሬን እንድሰጥህ ትፈልጋለህ። አብሽር!

ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። ካርቶኑን ተዉት፣ ስፒናውን ያዙት። እንደ ሞባይል ቻርጀር ቀጭንና ጠፍጣፋ፣ ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው ከሆነ ላዩ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ 2.5 አምፒር ይላል። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 2.5ን በ220 አባዙት። 550። ያ ስፒና እንዲሸከም የተሠራው 550 ዋት ነው፣ አለቀ። ታዲያ 4500ው በየት በኩል ነው የሚገባው? በመስኮት? ወፍራም ስፒና ቢገጥሙለትም እኮ አይሆንም። ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 16 አምፒር ቢሆን እንኳ 3520 ዋት ነው። ይሄን ዕቃ ለማስነሳት መጀመሪያ ቤቴን አፍርሼ ሽቦ ልዘርጋ?

ይህንን ለአንዱ ባለሱቅ በስልኬ አሰላሁለት። እስክጨርስ በትዕግሥት አየኝና «እህቴ፣ አስተማሪ ነሽ?» አለኝ። ከዚያ ወደ 6000ው ካርቶን እያመለከተ «ይሄኛውስ?»

ዕቃውን ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት። እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሥሩ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ነው። ትልቁ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ይጮሃል፣ ትንሹ ከሥር ተደብቆ ይተኛል። ብዙዎቹ ላይ ኬቢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፣ ቀጥሎ 1 ደቂቃ ይላል። ከ1 ደቂቃ በላይ በተከታታይ አታስኪዱት፣ አሳርፉት ማለት ነው። ይህን የነገረኝ ሻጭ አላጋጠመኝም። ሞተሩ ራሱን የሚያቀዘቅዘው የቤቱን አየር እየሳበ ነው፤ የኛ ቤት አየር ደግሞ ምን እንደሚመስል የድሬ ሰው ያውቀዋል። ማታ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ቬንትሌተር ሲከፍት መብራቱ ይደክማል፣ ብሌንደሩም አብሮ ያቃስታል።

የቀድሞው ብሌንደሬ እንዲህ ነው የሄደው። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ቀጥሎ ሞተሩ እየጮኸ ምላጩ ቆመ። ሠሪው ጋ ወሰድኩት። ሲፈታው ጆጉንና ሞተሩን የምታያይዘው ጎማ ጥርሷ አልቆ ልሙጥ ሆናለች። «ስፔሩ የለም» አለኝ። ውስጡን ሲያየው የሞተሩ ሽቦ ጥቅልም ጠቁሯል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርገው ከመዳብ መልኩ ሥር ነጭ ብቅ አለ። አልሙኒየም! መዳብ አስመስለው ቀብተውታል። «ሁሉም እንዲህ ነው» ብሎ ሳቀ። አንጀቴ አረረ።

የገዛሁበት ሱቅ ብመለስ ልጁ ደረሰኙን አዙሮ አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።» የአንድ ዓመት ዋስትና ነበረው እኮ? «አዎ፣ ሞተሩን ግን አይጨምርም።» ብሌንደር ከሞተሩ ውጪ ምኑ ነው ዋስትና የሚያስፈልገው? ክዳኑ?

አሁን ኮሜንት ላይ መጥታችሁ «አሜሪካ ያለ ዘመድሽ ቫይታሚክስ ይላክልሽ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥሩ ማሽን ነው፣ አልካድኩም። ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ነው፣ የኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ ዕድሜው በሰከንድ ነው። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ልግዛለት ብል ደግሞ የዚያን ያህል ዋት የሚችለው ራሱ ብረት ነው፣ ከብሌንደሩ ይከብዳል። የኛን 220 የሚቀበል አለው፣ እሱን የሚልክ ዘመድ ካለኝ ግን ብሌንደር ሳይሆን ኤሲ ነበር የማስልከው።

«ጁስ ቤት ጠጪያ» የምትሉም አላችሁ። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጦ ስፕሪስ መጠጣት እኔም እወዳለሁ። ግን ልጁን «ስኳር እንዳትጨምር» በሉት። «እሺ» ይላል። እያያችሁት ሁለት ማንኪያ ይጨምራል። «ትንሽ ነው» ይላል ደግሞ!

እኔ የምለው፣ ስድስት ምላጭ አለው፣ ስምንት ምላጭ አለው የሚለውን ወሬ ተዉልኝ። አሥራ አምስት ቁልፍም አያስፈልገኝም። እውነተኛ 1000 ዋት፣ የመዳብ ጥቅል፣ ጎማዋ ስታልቅ የምትቀየር፣ ከፈላ ሻይ አጠገብ ሲቀመጥ የማይጣመም ጆግ። 800 ዋት ብሎ 800 የሆነ ካለ ከውሸታሙ 8500 በፊት እሱን እገዛለሁ። ዋጋው ይወደድ፣ ችግር የለም። አንድ ዕቃ በየዓመቱ ከመግዛት የሚወደድ ነገር የለም።

ስለዚህ ቤታችሁ ዓመታት የቆየ፣ ተምርና በረዶ የሚፈጭ ብሌንደር ያላችሁ ድሬዎችም ሐረሮችም፣ እንዲያው በሞቴ ገልብጣችሁ ከሥሩ ያለችውን ወረቀት ፎቶ አንሱልኝ። ስፒናውንም ጨምሩ። ከየትኛው ሰፈር እንደገዛችሁትም ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ልወጣ ነው። የካርቶኑን ፎቶ የሚልክ ሰው ግን ብሎክ ነው።