ምስጋና ለመጪው ዘመን ዘበኞች

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባችን በእረፍት ሰዓት የዋህ ጥያቄ ጠየቀች። «ስታር ዋርስ የሚባለውን አይቼ አላውቅም፤ ከየትኛው ልጀምር?» አለች። አለቀላት። ሦስት ጎልማሶች ሥራቸውን ጥለው ተነሡ። አንዱ ወረቀት ፈለገ። ሌላው ወረቀቱ ላይ ቀስት መሣል ጀመረ። ልጅቷ የፈለገችው ለእሑድ ማታ የሚሆን አንድ ፊልም ነበር። የተሰጣት የሁለት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ነው።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። በየቤተሰቡና በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ስለ ጠፈር መርከብ፣ ስለ ሮቦት፣ ስለ ሩቅ ፕላኔት የሚተርክ ፊልም ሁሉ ባለአደራው እሱ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ደመወዝም የለውም። ግን አንድ ሰው ፊልም አይቶ፣ ዝም ብሎ ተደስቶ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ሌት ተቀን ይተጋል። እስከ ዛሬ «እግዜር ይስጥልን» ያላቸው ስለሌለ ዛሬ እኔ ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ባለአደራዎቹ ሳይቀድሙኝ ልናገር ብዬ ነው።)

በቅደም ተከተሉ እንጀምር።

ባልደረባችን «በቃ ከክፍል አንድ ልጀምራ» አለች። ሳቁባት። ምስኪን፣ ክፍል አንድ አንደኛ መስሏት! መጀመሪያ የወጣው የ1977ቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ክፍል አራት ነው። ክፍል አራት የሚል የተጻፈበትም ራሱ በ1981 ዳግም ሲታይ ነው። አምስት በ1980፣ ስድስት በ1983 ተከተሉ። ክፍል አንድ የመጣው በ1999 ነው። «እሺ፣ እንደ አወጣጣቸው ልያቸው» አለች። የመጀመሪያው ባለአደራ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። እንደሱ አይሆንም። አራትን ታያለሽ፤ ከዚያ አምስትን፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሁለትንና ሦስትን፤ መጨረሻ ላይ ስድስትን። «አንድስ?» አለች። «አንድን እርሺው።»

ሁለተኛው ባለአደራ ተቆጣ። አንድን ያላየ ሰው ሁለት ምን ይገባዋል? ሦስተኛው ሁለቱንም ናቃቸው። በሁለትና በሦስት መካከል በ2008 የጀመረ ሰባት ሲዝን ያለው ካርቱን አለ፤ እሱ ካልታየ ምንም አልታየም። የካርቱኑ የመጨረሻ ክፍሎች ደግሞ ከክፍል ሦስት ታሪክ ጋር እኩል ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ፊልሙን መሃል ላይ ታቆሚና ካርቱኑን ትከፍቻለሽ፤ ካርቱኑን ታቆሚና ወደ ፊልሙ ትመለሻለሽ። ሰውየው ይህን ሲናገር ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

መች አበቃ። በሦስትና በአራት መካከል በ2016 የወጣ ሌላ ፊልም አለ። ከዚያ ፊልም በፊት ያለውን ታሪክ የሚነግረን ደግሞ በ2022 የጀመረ ተከታታይ ነው። እንግዲህ የ1977ቱን ለማየት የ2016ቱን፣ የ2016ቱን ለማየት የ2022ቱን ማየት ሊኖርባት ነው። ከስድስት በኋላ በ2019 የጀመረው ይመጣል፤ ያ የራስ ቁሩን የማያወልቀው አዳኝና ያ ትንሹ አረንጓዴ ሕፃን ያሉበት። በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ይለያያሉ። ስንቱ አለቀሰ! ሦስተኛው ሲዝን ሲጀምር ግን አብረው ቁጭ ብለዋል። መቼ ተገናኙ? በሌላ ሰው ስም በተሠራ ሌላ ተከታታይ ውስጥ። ያንን ሳያይ የመጣ ተመልካች ጥፋቱ የራሱ ነው። በ1978 በቴሌቪዥን አንድ ጊዜ ታይቶ ዳግም በይፋ ያልወጣ የበዓል ዝግጅትም አለ። «እሱን እንዳታዪው፣ ያሳፍራል» አሏት ሦስቱም በአንድ ድምፅ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን ሌላው ራስ ቁር ለባሽ አዳኝ፣ ቦባ ፌት፣ መጀመሪያ የታየው እዚያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ታዪዋለሽ።»

ሰኞ ሲመጣ፣ እሑድ ማታ ምን እንዳየች ጠየቅኳት። ስለ ድመቶች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

የባለአደራዎቹ ሁለተኛ ጸጋ ፍላጎታቸውን አጥርተው ማወቃቸው ነው። የሚፈልጉት ፈጽሞ አዲስ የሆነ፣ ከድሮው በምንም የማይለይ ፊልም ነው። በ2015 ክፍል ሰባት ወጣ። በረሃማ ፕላኔት ላይ የምትኖር ወላጅ አልባ፣ ምስጢር የተሸከመ ትንሽ ሮቦት፣ ፕላኔት የሚያጠፋ መሣሪያ፤ ሁሉም እንደ 1977ቱ፣ መሣሪያው ብቻ ገዘፍ አለ። «ኮፒ ነው!» ብለው ጮኹ። በ2017 ክፍል ስምንት ለየት ለማለት ሞከረ። «ክህደት ነው!» አሉ። በ2019 ክፍል ዘጠኝ ሁሉንም ሊያስደስት ደፋ ቀና አለ። «ፈሪ ነው!» አሉት። የመጀመሪያው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሁለተኛው ከ1.3 ቢሊዮን በላይ። ሦስተኛው ከ1 ቢሊዮን በላይ። ቅር የተሰኘ ሰው ያን ያህል ከከፈለ፣ የተደሰተ ቢገኝ ኖሮ ምን ሊሆን ነበር? ስታር ዋርስን የሠራው ስቱዲዮ በ2012 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሸጥ ብዙ ሰው ዋጋው በዛ ብሎ ነበር። ምን ይበዛል? ጎራዴውና የጠፈር መርከቡ ምራቂ ነው። የተሸጠው፣ ቢረግጡት ቢገፉት ከበሩ የማይነቃነቅ ደንበኛ ነው።

ያልወደዱትን ደግሞ እንዳልነበረ ያደርጉታል። ይህን ያስተማሯቸው ራሳቸው ስቱዲዮዎቹ ናቸው። ቴርሚኔተር በ1984 ተጀመረ፤ በ1991 ሁለተኛው ወጣ፤ ከዚያ በ2003፣ በ2009ና በ2015 ሌሎች ሦስት መጡ። የ2019ኙ ሲመጣ ከ1991 ወዲህ ያለውን ሁሉ አልሰማሁም አለ። ትኬት ቆርጠን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ያየናቸው ሦስት ፊልሞች አልተፈጸሙም። ገንዘቡ ግን ተፈጽሟል፤ የመለሰልን የለም። የጃፓኑ ግዙፍ አውሬ ጎድዚላም ስንት ጊዜ «ከ1954ቱ በስተቀር ሌላውን እርሱት» እየተባለ እንደ አዲስ ተጀምሯል።

ጎድዚላን ካነሣሁ አይቀር። ያ የ1954 ፊልም ሲሠራ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ ጨረር በጃፓን ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ወርዶ ነበር። ጃፓናዊው ተመልካች በስክሪን የሚቃጠለውን ከተማ ከየት እንዳመጡት ያውቃል። ለዚህ ይመስለኛል ላስቲክ የለበሰ ሰው የካርቶን ከተማ ሲረግጥ እስከ ዛሬ የምናየው። በ2023 አንድ የጃፓን ፊልም ወደዚያ ፍርሃት ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም በልዩ የምስል ውጤት (ቪዥዋል ኢፌክትስ) ኦስካር ወሰደ። አሪፍ ፊልም ነው። የእኔው ባለአደራ አይቶት ሲወጣ ግን «አውሬው ብዙ አልታየም» አለኝ። በሰዓት ቆጥሮ ነው።

ከሁሉም የማደንቅላቸው ለድሮ ፊት ያላቸው ታማኝነት ነው። ዶክተር ሁ የሚባለው የእንግሊዞች ተከታታይ በ1963 ጀመረ። በ1966 ዋናው ተዋናይ ጤናው ታወከ። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? ገጸ ባሕርይው ሰውነቱን ይቀይራል ብለው ሌላ ተዋናይ አስገቡ። በዚያች ዘዴ ይኸው ትውልድ ተሻገረ። ዛሬ እንዲህ ያለ ድፍረት አይሞከርም። ዛሬ የ1977ቱ ስታር ዋርስ ተዋናይ ፒተር ኩሺንግ በ1994 ያርፋል፤ በ2016 ፊቱ በኮምፒውተር ተሠርቶ በሌላ ተዋናይ ላይ ተለጥፎ ይተውናል። የመጀመሪያው ኤሊየን ተዋናይ ኢያን ሆልም በ2020 ያርፋል፤ በ2024ቱ የኤሊየን ፊልም ውስጥ መልኩ ተመልሶ ይመጣል። በወራሾች ፈቃድ ነው፤ ሕጉ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ስለ መጪው ዘመን በሚተርክ ፊልም ውስጥ ለአዲስ ሰው ቦታ ጠፍቶ ለሞተ ሰው መገኘቱን አስቡት። የስክሪኑ የወደፊት ዕጣ ምን እንደሚሆን ለምትጠይቁ መልሱ ይኸው ነው። ወደፊትም ያው ሰዎች ናቸው። ጡረታ የለም። ቢሞቱም ሥራ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ትንሽ ላቁመው።

በ2017ቱ ክፍል ስምንት ውስጥ ኬሊ ማሪ ትራን የምትባል ተዋናይት ነበረች። ከቬትናም የተሰደዱ ወላጆች ልጅ ናት። ፊልሙን ያልወደዱ ሰዎች ለወራት ዘሯንና ሴትነቷን እያነሡ ሰደቧት። በ2018 ኢንስታግራሟ ላይ የነበረውን ሁሉ አጠፋች። ከእሷ በፊት ደግሞ አህመድ ቤስት ነበር፤ በ1999ኙ ክፍል አንድ ጃር ጃርን የተጫወተው። ያኔ ሕይወቱን ለማጥፋት አስቦ እንደነበር የተናገረው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ለምን ነበር ያ ሁሉ? ጆሮው ስለረዘመ ስለ አንድ የኮምፒውተር ፍጡር! ድርሰቱን የጻፈው እሱ አይደለም። እሱ የተሰጠውን ነው የሠራው። «ልጅነቴን አበላሹብኝ» እያለ የሰው ልጅ ላይ የሚዘምት የአርባ ዓመት ጎልማሳ ተቆርቋሪ አይባልም። ባለጌ ነው። ስለ ደግና ስለ ክፉ የሚተርኩ ዘጠኝ ፊልሞች ደጋግሞ አይቶ ከክፉዎቹ ጋር የሚሰለፍ ሰው ምን ሲያይ እንደነበር እንጃለት።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ።

ትዕግሥታቸው ይደንቀኛል። በ1977 የገና በዓል ሲደርስ የስታር ዋርስ አሻንጉሊቶች ተሠርተው አልደረሱም። ስለዚህ ለልጆች ካርቶን ተሸጠ። ውስጡ ተለጣፊ ወረቀትና ኩፖን እንጂ አሻንጉሊት የለም። ኩፖኑን በፖስታ የላከ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አራት አሻንጉሊት ይላክለታል። ቢያንስ ለእነዚያ ልጆች ዕቃው መጥቶላቸዋል። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ አሁንም ካርቶን ይገዛል። መድረክ ላይ አንድ ስም ይነገራል፣ አርማ ይበራል፣ ቀን ይቆረጣል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። በ2020 መጨረሻ ስለ ተዋጊ አብራሪዎች አንድ የስታር ዋርስ ፊልም እንዲህ ተነገረለት፤ ለ2023 ቀን ተቆረጠለት። በ2022 ከመርሐ ግብሩ ወጣ። ባለአደራዎቻችን ግን ያልተሠራውን ፊልም ሲተነትኑ ከርመዋል። አንድም ይህን ለማለት ነው፣ አንድም ያን ለማለት ነው፣ አንድም አርማው ላይ ያለችው ጥላ የእገሌ የልጅ ልጅ ናት። ስለሌለ ነገር ይህን ያህል ማወቅ ጸጋ ካልሆነ ምንድን ነው?

የድሮዎቹ አፍቃሪዎች እንደዚህ የተራቀቁ አልነበሩም። ስታር ትሬክ የሚባለው የጠፈር ተከታታይ በ1966 ጀምሮ ከሁለተኛው ሲዝን በኋላ ሊዘጋ ነው ሲባል ቁጭ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። በእጅ፣ በቴምብር። አንድ ሲዝን አስጨመሩ፤ በ1969 ግን ተዘጋ። በ1976 አሁንም ደብዳቤ ጽፈው የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ተመላላሽ የጠፈር መንኮራኩር (ስፔስ ሸትል) በፊልሙ መርከብ ስም ኢንተርፕራይዝ እንድትባል አደረጉ። (መንኮራኩሯ የተሠራችው ለሙከራ በረራ ነበርና አንድ ቀንም ጠፈር አልወጣችም። ጥሎባቸው ነው።) ያንን ተከታታይ በልጅነቷ ታይ የነበረችው ሜይ ጀሚሰን ግን ወጣች። በ1992 ጠፈር የደረሰች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ከስታር ትሬክ ተከታታዮች በአንዱ ውስጥ ብቅ ብላ ተወነች። ከየትኛው ክፍል እንደጀመረች የጠየቃት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የዛሬዎቹም ቢሆኑ ሥራ አልፈቱም። ባለፈው የአንድ አዲስ ፊልም ትሬለር ወጣ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የእኛው ባለአደራ ዘጠኝ ስሕተት አገኘበት፤ የሞተሩ ድምፅ ሳይቀር የሌላ መርከብ ነው አለ። ዘንድሮ አበቃ፣ ይህ ነገር ሞቷል፣ እኔ ከዚህ በኋላ አንድ ሳንቲም አልከፍልም ብሎ ማለ። ትኬቱን የቆረጠው በዚያው ማታ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰዓት፣ መሃለኛው ረድፍ። «አልከፍልም አላልክም እንዴ?» አልኩት። ተገርሞ አየኝ።

«ታዲያ ሳላየው እንዴት አድርጌ ልስደበው?»