ውዳሴ ቁምሳ

በባዕድ ከተማ በሙዚየም ደረጃ ላይ እግሩን እያደከመ፣ የማያውቃቸውን ነገሥታት ሥዕል አንጋጦ ሲያይ የሚውል መንገደኛ ዘመኑ አልፎበታል። የዛሬው መንገደኛ ልባም ነው። የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት እንደነካ ስልኩን ይከፍትና በዚያች ከተማ ከሁሉ የላቀ ብራንች የሚቀርብበት ካፌ የት እንደሆነ ይመረምራል፤ የበሉትንም ያልበሉትንም ሰዎች አስተያየት አንብቦ፣ ኮከባቸው ከ4.7 በታች የሆኑትን ያለ ርኅራኄ ጥሎ፣ ለተረፉት ቅደም ተከተል ያወጣላቸዋል። ይህን ትጋት ለመመረቂያ ጽሑፍ ቢያውለው ኖሮ አማካሪው ባመሰገነው ነበር። አማካሪ ስለሌለው ምስጋናውን እኔ ላቅርብለት።

ብራንች የእንግሊዝኛውን ቁርስና የእንግሊዝኛውን ምሳ ጨፍልቆ የተሠራ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ ቅዳሜ ማታ ሲጠጣ ያመሸ ሰው እሑድ ማልዶ እንዲነሣ አይገደድ፣ ረፈድ አድርጎ ሁለቱን ማዕድ በአንድ ይጨርስ ሲል በአንድ መጽሔት ላይ ተሟግቶለታል። የእኛ አገር ተማሪ ግን ቤሪንገርን ሳያነብ እዚያው ደርሷል። ከቤት የተላከለት ገንዘብ ከወሩ ቀድሞ ያለቀበት ሁሉ፣ ረፋዱ ላይ አንዴ በልቶ እስከ ማታ የሚውልበትን ጥበብ «ቁምሳ» ብሎ ሰይሞ ስንት ዘመን ኖሮበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቁምሳ የሚበላው ገንዘብ ስለሌለ ነው፤ ብራንች የሚበላው ደግሞ ገንዘብ እንዳይኖር ነው።

ይህን የተማርሁት ባለፈው ጥቅምት ሊዝበን ላይ ነው። ለሦስት ቀን ሥራ ሄጄ ሳለ፣ ፍራንክፈርት የምትኖረው የእህቴ ልጅ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ መጣችልኝ። ዓርብ ጧት ሥራ ስላልነበረኝ ቤሌም ወደሚባለው የከተማዋ ሰፈር ወርደን የጄሮኒሞስን ገዳም እንድናይ አሳብ አቀረብሁ። ምክንያት ነበረኝ። የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ሲደርስ የተቀበለው ንጉሥ ማኑኤል የተቀበረው በዚያ ገዳም ነው። በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኛ ይዞ ምጽዋ ላይ የወረደው፣ አገራችንም አጥንቱ የቀረው የክሪስቶቮ ዳ ጋማ አባት ቫስኮም እዚያው ነው ያረፈው። ከአውሮፓ ነገሥታት መቃብር ለእኛ የሚቀርብ ቢኖር ይህ ነው ብዬ ንግግሬን ሳልጨርስ፣ ልጅቱ በትሕትና አቋረጠችኝ።

«ጋሼ፣ ገዳሙ ከ1501 ጀምሮ የተሠራ ነው አላልከኝም? የትም አይሄድም። የካፌው ተራ ግን ካለፈ አለፈ።»

በዚህ አስተዋይነት ማን ሊከራከር ይችላል? ሄድን።

ከበሩ ስንደርስ ሠላሳ የሚሆን ሰው በዳገቱ ላይ ተሰልፏል። እዚህ ላይ የዚህን ሕዝብ ትዕግሥት ሳላወድስ ባልፍ ብዕሬ ይወቅሰኛል። ቀበሌ መታወቂያ ሊያሳድስ ሄዶ ሩብ ሰዓት ቢያስቆሙት «በዚህ አገር ሥርዓት የለም!» ብሎ ግቢውን የሚያናውጥ ሰው፣ እንቁላል ለመብላት ሃምሳ ደቂቃ በካፊያ ይቆማል፤ ያውም እየሳቀ፣ ያውም ሰልፉን እየቀረጸ። ሰልፉ ሲረዝም ደስታው ይጨምራል፤ ሰልፍ የሌለበት ካፌ ምን ዋጋ አለው?

ለነገሩ ሰልፍ የሌለበት ቤት አጠገባችን ነበር። ደጃፉ የተሸራረፈ አሮጌ ኬክ ቤት ነው። ሽማግሌዎች ይገቡና ባንኮኒውን ተደግፈው፣ እዚያ ከተማ «ቢካ» የሚሏትን ጥቁር ቡና በሁለት ጉንጭ ጨርሰው፣ ከአንድ ዩሮ ብዙም የማይበልጥ ሳንቲም አኑረው ይወጣሉ። ከመስታወቱ ጀርባ ፓስቴል ዴ ናታ የሚሉት የእንቁላል ጣፋጭ ተደርድሯል፤ ፊቱ ጠቆር ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ እንደ ቅጠል የሚሰባበር። ጥንት መነኮሳቱ በእንቁላል ነጩ ልብሳቸውን እንደ ስታርች ሲያጠነክሩበት አስኳሉ ይተርፋቸው ነበርና ጣፋጩ ከዚያ ተወለደ ተብሎ ይተረካል፤ ቤሌም ውስጥም ከ1837 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይሸጣል። ከሰልፈኞቹ መካከል ወደዚያ ቤት ዞር ብሎ ያየ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም መጸዳጃ ቤት ይፈልግ ኖሯል።

ተራችን ደርሶ ገባን። የካፌውን ባለቤት አርቆ አሳቢነት ያደነቅሁት ያን ጊዜ ነው። ግድግዳው ያልተለሰነ ሲሚንቶ፣ ጠረጴዛው ያልተላገ እንጨት፣ አምፖሉ ከነሽቦው የተንጠለጠለ፣ በየጥጉ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል የቆመ። ቦሌም ይኸው ነው፤ በርሊንም ይኸው ነው። ሦስት ሺህ ምናምን ማይል አቋርጦ የመጣ እንግዳ እንግድነት እንዳይሰማው እንዲህ የሚጨነቅለት ማን አለ? የምግብ ዝርዝሩም ቢሆን ፖርቱጋልኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን እያስታወሰ አንባቢውን አያስቸግርም፤ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው።

ዳቦው ለ48 ሰዓት በእርሾ የተቦካ መሆኑ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። እናቴ ሦስት ቀን ያቦካችውን ሊጥ በምጣድ እየጋገረች ስንቱን ስታሳድግ አንድ ቀን እንኳ በጽሑፍ አለማስታወቋ ቆጨኝ። ቡናው ደግሞ የጉጂ ነው። «ጃስሚን፣ ኮክ፣ ቤርጋሞት» ይላል ከሥሩ። አስተናጋጁ ጨዋ ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያ የቡና መገኛ መሆኗን ረጋ ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም ዕድሜ ይስጥህ ብዬ አዳመጥሁት። አቦሉ አራት ዩሮ ተኩል ነው። ቶናና በረካ አይጠበቅም፤ ቄጤማና ፈንዲሻ ስለ መኖሩም አልጠየቅሁም።

ምግቡ መጣ። የተቆረሰ ዳቦ፣ በላዩ የተለነቀጠ አቮካዶ፣ በአቮካዶው ላይ ያለ ቅርፊቱ በውሃ የበሰለ እንቁላል፣ በእንቁላሉ ላይ ሮዝ የአበባ ቅጠል። እጄን ስሰድ የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘችው። ቀድሞ ማዕድ ሲቀርብ ይባረክ ነበር፤ አሁን ፎቶ ይነሣል፤ ሳይነሣ የነካ ደግሞ ከማኅበሩ ይለያል። ከወንበሯ ተነሥታ በላይ በኩል አነሣችው፤ ጎንበስ ብላ በጎኑ አነሣችው፤ የእኔን ጽዋ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችና የክርኔን ጥላ ከጠረጴዛው ላይ አስወገደች። ከዚያ ዋናው ሥርዓት ደረሰ። ቢላውን ለእኔ ሰጥታ፣ እርሷ እየቀረጸች፣ አስኳሉ ቀስ ብሎ እንዲፈስ እንድቆርጠው አዘዘችኝ። ቆረጥሁት፤ አልፈሰሰም። ስንነሣ ስንወድቅ ረግቶ ኖሯል። ሌላ እንቁላል በሦስት ዩሮ ተጨመረ፤ እርሱ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም እፎይ አልን። ከጎናችን የተቀመጡት ባልና ሚስትም እንደ እኛው ሲደክሙ ቆይተው ኖሮ፣ የእኛ ሲሳካ አይተው እንኳን ደስ አላችሁ በሚል አንገታቸውን ነቀነቁልን። የመንገደኛ ፍቅር ይሉሃል ይህ ነው።

ሒሳቡ ለሁለት ሰው አርባ አንድ ዩሮ ሆነ። ስንወጣ ሰልፉ ረዝሞ ማዕዘኑን ዞሯል፤ ገና ያልበሉት የበላነውን በቅናት ዐይን ሲያዩን፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ዐይን ያየኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ። ወደ ቤሌም ለመሄድ ሰዓቱ መሽቶብን ነበር፤ ለነገው የሚሆነውን ካፌ መምረጥም ጊዜ ይጠይቃል።

ማታ እህቴ ከአዲስ አበባ በምስል ደወለች። «እስቲ ሊዝበንን አሳዩኝ፤ ምን ምን አያችሁ?» አለች። ልጅቱ የቀኑን ፎቶ ሁሉ ላከችላት፤ ሠላሳ ሰባት ነው። እህቴ አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆይታ ዝም አለች።

«ይኼ ሁሉ እንቁላል ነው?» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ አልበላሁም፤ ፎቶ ብቻ ነው ያነሣሁት» አለች ልጅቱ። ከእውነቱም ብዙ አልራቀችም፤ ሥራዋን ስትጨርስ በርዶ ስለነበር የእርሷን ድርሻ አብዛኛውን ትታዋለች። ስልኩን ወደ እኔ ልታዞር ስትል፣ ሻንጣዬን ላስተካክል ተነሣሁ።