አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው ፈረስ

ባለፈው ሚያዝያ ልጆቼን ይዤ ከላስ ቬጋስ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ ወደሚገኘው ኮልድ ክሪክ ወጣሁ። ተራራው ሥር ስንደርስ አስፋልቱ ዳር አምስት የዱር ፈረሶች ቆመዋል። አንዷ ዳማ ባዝራ ውርንጭላዋን በጎኗ ሸሽጋ ታየናለች። የጎድን አጥንቷ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ትንሿ ልጄ ብስኩት ልትሰጣት መስኮቱን ስታወርድ ከለከልኳት። ሰው ሲመግባቸው መንገድ ዳር መዋል ይለምዱና መኪና ይጨርሳቸዋል። ልጄ አኮረፈች፤ ቆይታ ግን "ታዲያ ባለቤታቸው የት ሄደ?" አለችኝ።

ባለቤታቸው ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ቬልማ ጆንስተን የምትባል የኔቫዳ የቢሮ ጸሐፊ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ከፊቷ ያለው የጭነት መኪና ደም ሲያንጠባጥብ አየች። ተከትላ ስትደርስበት የተጫኑት ለእርድ የሚወሰዱ የዱር ፈረሶች ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምራ ዝም አላለችም። የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረገች፤ በ1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈረሶቹንና የዱር አህዮቹን የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ። ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። አንዲት ሴት ያየችውን ደም እንዳላየ ሰው አላለፈችም።

ሕጉ ከእርድ አዳናቸው፤ መሬቱ ግን አልበቃቸውም። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በረሃው ሊሸከም የሚችለው 26,000 ገደማ ነው ይላል፤ በ2024 የተቆጠሩት ከ70,000 በላይ ናቸው። ስለዚህ ይሰበሰባሉ። ሄሊኮፕተር ከኋላ ዝቅ ብሎ እያጓራ ያባርራቸዋል፤ ወጥመዱ አፍ ላይ ሲደርሱ አንድ የተገራ ፈረስ ይለቀቃል። እሱ መንገዱን ያውቃልና ወደ በረቱ ይሮጣል፣ መንጋው አምኖ ይከተለዋል፣ በሩ ይዘጋል። የዚህ አገር ሰዎች "ይሁዳ ፈረስ" ይሉታል። በቪዲዮ ሳየው መሪው ድንጉላ በረቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞረና አፍንጫውን ብረቱ ላይ አሳርፎ ቆመ።

የተያዙ ፈረሶችን ሰው እንዲወስድ በተዘጋጀ የጉዲፈቻ ገበያም ተገኝቼ አንዱን በቅርብ አይቻለሁ። አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በገመድ ታስሮለታል፤ በግራ በኩል ከጋማው ሥር በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ብረት የተመታ ነጭ ምልክት አለው። ማንነቱ ያ ነው፣ ስም የለውም። ድርቆሹን አፍንጫው ሥር ሲያደርጉለት ሽቅብ ተራራውን እያየ ነበር።

ሰው የማይወስዳቸው ብዙ ናቸው፤ በመንግሥት ቀለብ የሚኖሩት ከ60,000 አልፈዋል። ዕድለኞቹ ካንሳስና ኦክላሆማ ባለው ሰፊ ሣር ላይ ያረጃሉ፤ ሌሎቹ አቧራማ በረት ውስጥ ናቸው። በ2022 የጸደይ ወራት ኮሎራዶ፣ ካንየን ሲቲ ባለው በረት የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ከ140 በላይ ፈረሶች አለቁ፤ ብዙዎቹ ክትባታቸው አልተሟላም ነበር። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ፈረስ ለሚወስድ ሰው 1,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። አንዳንዱ ገንዘቡን ተቀብሎ ፈረሱን ለእርድ ነጋዴዎች ወደሚሸጥበት ጨረታ ነዳው። በ2025 ፍርድ ቤት ክፍያውን ሻረው፤ ደግ አደረገ።

እኔን የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነው። በ2023 በጀት ዓመት ለተያዙት ቀለብና ማቆያ የወጣው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ባዝራዋን እዚያው በዱሯ እያለች በመርፌ ቀስት ወግቶ እንዳታረግዝ የሚያደርግ ክትባት ግን እያለ ከበጀቱ የሚደርሰው ትንሹ ድርሻ ነው። በየጊዜው መደገም አለበት፣ ሰፊ በረሃ ላይ አድካሚም ነው፤ ቢሆንም እናትና ልጅ አይለያይም። ከብት አርቢውም በዚያው የሕዝብ መሬት ላይ ላምና ጥጃዋን ለወር የሚያሰማራው ለዓመታት በ1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። ግጦሹ ጠበበ ሲባል ሁሌ ፈረሱ ብቻ የሚነሣበት ምክንያት አይገባኝም።

የልጄ ጥያቄ ሞጆ ወሰደኝ። አጎቴ ባለጋሪ ነበሩ። ፈረሳቸው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይባላል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ቦራ አራት የአጎቴን ልጆች ለቁም ነገር ያደረሰ ፈረስ ነው። ጀርባው ገጥቦ፣ የኋላ እግሩ አንክሶ ጋሪውን መጎተት ሲያቅተው አንድ ማታ ከከተማው ወጣ ብሎ ተለቀቀ። ጠዋት የተረፈውን አየነው። ጅብ ቀድሞን ነበር። ዛሬም ባጃጅ ጋሪውን በተካበት ከተማ ሁሉ አስፋልት መካከል የቆመ፣ መኪና ሲያጮህበት የማይንቀሳቀስ ፈረስ አለ። ቢሾፍቱ አካባቢ የጋሪ ፈረስ በነጻ የሚያክሙ በጎ አድራጊዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከተማ ጋሪ ሲከለክል ፈረሱን ወዴት እንደሚያደርሰው አብሮ ቢወስን፣ የማይድነውንም ሐኪም ያለ ሥቃይ ቢያሳርፈው ምን ነበረበት?

ከኮልድ ክሪክ በተመለስን ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ቦራን ያኔ ለምን ለቀቁት?" አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ያልጠየቅኋቸው ነገር ነው።

"የሣር መግዣ አልነበረኝም ልጄ። ልግደለው ብል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ።" ትንሽ ቆዩና "እዚያስ ሲያረጁ ምን ያደርጓቸዋል?" አሉ።

ነገርኳቸው። እስኪሞቱ ድርቆሽ፣ ውኃ፣ ሐኪም። "ተመስገን" አሉ። "እናትና ልጅ አንድ ላይ ናቸው?"

"አይደሉም ጋሼ። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው።"

"አይ" አሉና ዝም አሉ።