«ጃፓንኛ ምን ያደርግልሃል?» ላለው ሰውዬ

ሰሞኑን የውጭ አገር ትምህርት «ፕሮሰስ አደርጋለሁ» የሚል ሰው በቲክቶክ ላይቭ ወጣቶችን ሲያማክር አየሁ። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ጃፓን ሄጄ ለመማር ከአሁኑ ጃፓንኛ ልጀምር ወይ?» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው ሳቀ። «ጊዜህን አታባክን ወንድሜ፤ ጃፓንኛ ምን ያደርግልሃል? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ክፍያውን እዚያው እየሠራህ ትሸፍናለህ።» ልብ በልብ አደረጉት። እኔ ግን እስካሁን ንዴቴ አልበረደም።

ከክፍያው ልጀምር፤ እሱን ለማፍረስ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በትምህርት ወቅት መሥራት የሚችለው በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ፈቃድ አውጥቶ። ቶኪዮ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ወዲህ 1,226 የን ነው። በአራት ሳምንት 137 ሺህ ገደማ ይመጣል። የአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዓመት ክፍያ 535,800 የን፣ የመግቢያው ደግሞ 282,000 የን ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ለአሥራ ሁለት ወር ብታካፍለው በወር 68 ሺህ ነው። የደመወዝህ ግማሽ ሄደ። በቀረው ቶኪዮ ውስጥ ቤት ተከራይ፣ ብላ፣ ባቡር ተሳፈር።

ደግሞ የመግቢያው ገንዘብ የሚከፈለው ከመመዝገብህ በፊት ነው። ገና አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ የትኛው የቶኪዮ ካፌ ሰሃን አጥበህ ልትከፍል ነው? ቪዛውም ቢሆን ወጪህን ማን እንደሚችል በሰነድ ሳታሳይ አይመታም። እሺ ደረስክ እንበል። ቋንቋ የማይሰማ ሰው ሒሳብ መቀበያ ላይ ማን ያቆመዋል?

አሁን ወደ ዋናው። አዎ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ በተለይ ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ። በዚያ ተምረው የተመረቁ ወዳጆች አሉኝ። ሰውዬው ግን የሚያወራው ገና ከሃይስኩል ላልወጣ ልጅ ነው! ለመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛው ትምህርት በጃፓንኛ ነው። የጃፓን መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ እኮ በተለምዶ አምስት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለምን ይመስላችኋል? ለጃፓንኛ። ለአንድ ልጅ በየወሩ 117 ሺህ የን እየሰጡ ዓመት ሙሉ ቋንቋ የሚያስተምሩት ገንዘብ ተርፏቸው ነው?

ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ብትማር እንኳ ከክፍል ስትወጣ ጃፓን ነህ። እኔ በገባሁ ሰሞን አድራሻ ላስመዘግብ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ በ14 ቀን ውስጥ ግዴታ ነው። ወረፋ ያዝኩ። ሠራተኛዋ በትሕትና «ተሰማ-ሳን፣ ተሰማ-ሳን» ትላለች፤ «ሳን» እንደኛው «አቶ» ያለ የአክብሮት ቃል ነው። እኔ ቁጭ ብያለሁ። ፓስፖርቴ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም የተቀመጠው የአያቴ ስም ነው፤ አያቴ ደግሞ ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸውን ይጠራሉ ብዬ በምን ልወቅ! በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሷ መጣች፤ ዙሪያዬን አንድም ሐበሻ አልነበረም። የሰጠችኝን ቅጽ ስገልጠው ከቁጥሮቹ በቀር አንድ የማውቀው ነገር የለም። ያን ቀን ያቺን «የባከነች ጊዜ» በወርቅ እገዛት ነበር።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ጃፓንኛ ለእኛ ሰማይ እንደ መቧጠጥ ተደርጎ መወራቱ ነው። ኧረ ተዉ! ሂራጋና የሚባለው ጀማሪ የሚነሳበት የጃፓንኛ ጽሕፈት መሠረታዊ ፊደሉ 46 ነው። ሀ ሁ ሂ ሃን ከነዘሩ 231 ፊደል በልጅነቱ ያነበነበ ሕዝብ 46ቱን ይፈራል? «እኔ ቡና እጠጣለሁ» በሉ። ጃፓኑም «ዋታሺ ዋ ኮሂ ኦ ኖሚማስ» ይላል፤ እኔ፣ ቡና፣ እጠጣለሁ። ግሱ መጨረሻ ላይ፣ ልክ እንደ እኛ። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል እነሱ «ኪኖ ካታ ሆን» ይላሉ፤ ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ። እንግሊዙ ይህን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚማረው። «በልቼ ሄድኩ» የምንላትን እንኳ «ታቤቴ ኢታ» ብለው እንደኛው ያስሯታል።

መጥበቅና መላላቱስ? እኛ ገና ስንል በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው በጆሮ እንለያለን። እነሱም ኪቴ ላልቶ «መጥቶ» ነው፤ ጠብቆ የፖስታ ቴምብር። ፈረንጁ እዚህ ላይ ሲንገዳገድ አይቻለሁ። አንተና እርስዎ እየለየ ያደገ ልጅም የጃፓን የአክብሮት ንግግር ባዕድ አይሆንበትም። እኔን ከጠየቃችሁ አማርኛ ተናጋሪ ጃፓንኛን ከእንግሊዝ ቀድሞ ይናገራል። ጥናት አምጣ ካላችሁኝ የለኝም፤ ጆሮ ግን አለኝ። ካንጂው፣ ማለትም ከቻይና የተወረሰው የምልክት ጽሕፈት፣ ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ለዕለት ተዕለት የሚያገለግለው ብቻ 2,136 ነው። እሱ ግን ቶሎ ለመጀመር ምክንያት ነው እንጂ ለመተው አይደለም።

እንግዲህ ላይቩ ላይ የጠየቅከው ልጅ፣ ሰው ስለሳቀብህ እንዳታፍር። ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ግዛ፤ በቀን አምስት ፊደል ብትይዝ ሂራጋናው በአሥር ቀን ያልቃል። ለሰውዬው ብር ከማስገባትህ በፊት ደግሞ ስምህን በጃፓንኛ እንዲጽፍልህ ጠይቀው።