የእኛን ብርድና ፀሐይ እኛው እንለካው

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በለገጣፎ ዳር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደረ ሰው የኅዳርን ማለዳ በድምፁ ያውቀዋል። ሌሊቱን ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ከአየሩም በታች ቀዝቅዞ ያደረው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው መንጫጫት ይጀምራል። እየረዘመ ነው። ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በየሜትሩ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። 6 ሜትር የሆነ ኢጋ ቆርቆሮ ከንጋት እስከ ቀትር ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ቢለዋወጥ 3.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ማታ ያንኑ ያህል ይሰበሰባል። ምስማሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። በጋውን ሙሉ በየቀኑ ሲጓተቱ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፀሐይ ያደረቀው የምስማሩ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌ ላይ ቤቱ ያፈሳል። ከዚያ ወቀሳው አናጢው ላይ ያርፋል።

አዲስ አበባን አየሯ ተስማሚ ነው እያልን ስለምናሞግሳት፣ ሙቀት በምሕንድስና ውስጥ የሚያመጣው ጣጣ ሲነሳ ሐሳባችን ወደ አፋርና ወደ ጋምቤላ ይሄዳል። ሰው ሲበርደው ጋቢ ይደርባል፤ ጣሪያ፣ ትራንስፎርመር፣ ባትሪና አርማታ ግን የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ብርድ ራቁታቸውን ነው የሚቀበሉት። በከተማዋ ዳርቻ በብዛት የምንተክላቸው ዕቃዎች ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ደግሞ የተለኩት በሌላ አየር ነው። የእኛን አየር መለካት የምርምር ተቋሞቻችን ቀዳሚ ሥራ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ትራንስፎርመርን እንውሰድ። ዓለም አቀፉ ደረጃ ዕቃው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር እንደሚሠራ ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሯ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ደረጃው፣ ያለ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ የዘይት ትራንስፎርመር ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ የሚፈቀድለት የሙቀት ጭማሪ በ1 ዲግሪ እንዲቀንስ ያዛል። ለእኛ ከ3 ዲግሪ በላይ ይመጣል ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በውስጡ ሽቦውን የሚሸፍነው ወረቀት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የማርጀት ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ቅናሹ ተዘንግቶ ዘወትር በሙሉ ጭነት የሚሠራ ትራንስፎርመር በዚህች 3 ዲግሪ ተኩል ብቻ የዕድሜውን አንድ ሦስተኛ ያጣል። በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ጭነቱ ምን እንደሚመስል ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ይጋግራል።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ያው ደረጃ የዓመቱ አማካይ የአየር ሙቀት 20 ዲግሪ ነው ብሎ ይነሳል፤ የእኛ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ይላል። ከፍታው የነሣንን ብርዱ በከፊል ይመልስልናል። የትኛው ያመዝናል? አቃቂ ቃሊቲ ላይ ያለው መልስ ሱሉልታ ላይ ካለው ይለያል፤ ቅዳሜ የሚገኘውም ሰኞ ከሚገኘው። ይህን የሚመልስ ቀመር ከውጭ አይመጣም። ዘይቱ ውስጥና ከአጠገቡ ባለው አየር ላይ መለኪያ አስገብቶ ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ ነው ያለው።

ሶላርም ከዚሁ አይወጣም። 400 ዋት የተባለ ፓኔል 400 ዋት የሚሰጠው ሴሉ ራሱ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። አየሩ 20 ዲግሪ በሆነበት ብሩህ ቀትር ሴሉ 50 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ከ25 በላይ ለእያንዳንዷ ዲግሪ ከኃይሉ 0.35 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ 35 ዋት አካባቢ ይጠፋል። ፓኔሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ያሰረ ደግሞ ከዚያ በላይ ይከስራል፤ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው ምንም ወጪ የለውም። በማለዳው ብርድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፓኔሉ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከተጻፈው በላይ ይወጣል። በ25 ዲግሪ ሂሳብ ብቻ በርከት ያሉ ፓኔሎችን በተከታታይ የቀጠለ ባለሙያ የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚለውጠውን ኢንቨርተር በታኅሣሥ ጠዋት ሊያቃጥለው ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የተበራከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪያቸው ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግን አይወድም፤ ውርጭ የሚወርድባቸው የሆለታና የሱሉልታ ሜዳዎች ከከተማው ሩቅ አይደሉም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አርማታው ነው። ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ሲሞላ የሚወሰደው ናሙና ላብራቶሪ ገብቶ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ ውስጥ 28 ቀን ይቀመጣል፤ ሲጨፈለቅ ያልፋል፤ ወረቀቱ ይፈረማል። ሶሌታው ግን ያን ውሃ አላየውም። በደረቅ የበጋ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ተሞልቶ ገና ሳይጠነክር ላዩ ውሃውን አጥቶ ይሰነጠቃል፣ ሌሊቱን ብርዱ የሲሚንቶውን ሥራ ያዘገየዋል፣ በማግስቱ ሠራተኛው ውሃ የሚያጠጣው ቦቴ ከመጣ ነው። ነዋሪው የሚኖረው በሶሌታው ላይ እንጂ በናሙናው ላይ አይደለም። እርጥብ ጆንያ ማልበስን የሚያህል ርካሽ መከላከያ እያለ ይህ መደጋገሙ ያንገበግበኛል።

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ኮንዶሚኒየሙ፣ ፋብሪካው፣ ማከፋፈያ ጣቢያው ከደጁ ናቸው። እዚያም ሆነ በሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የማስተርስ ተማሪዎች የውጭ አገር የአየር መረጃ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ከሚመረቁ፣ ጣሪያ ላይ፣ ትራንስፎርመር ላይ፣ አዲስ የተሞላ ሶሌታ ውስጥ ሴንሰር ቀብረው ቢመረቁ እመርጣለሁ። ቴርሞካፕል የሚባለው የሙቀት መለኪያ ሽቦ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ውዱ ነገር ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ መመዝገብ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አንዱ ተማሪ ሲወጣ ሌላው የሚረከበው ሥርዓት ያስፈልጋል። የተገኘው ቁጥርም መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ለአናጢውም፣ ለፎርማኑም፣ ለሶላር ገጣሚውም በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ገጽ ይውጣ።

ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ግን ጥናቱን መጠበቅ የለባቸውም። ትራንስፎርመር፣ ሞተር ወይም ጄኔሬተር ሲገዙ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ዕቃው የሚተከልበትን ከፍታ፣ የሌሊቱን ዝቅተኛና የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ይጻፉ፤ አቅራቢውም በዚያ ከፍታ የሚሰጠውን ኃይል በፊርማው ያረጋግጥ። ሶሌታ የሚረከብ ተቆጣጣሪ ደግሞ ከላብራቶሪው ናሙና ጎን፣ እዚያው ሳይቱ ላይ ከሶሌታው ጋር ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት የሰነበተ ሌላ ናሙና ይጠይቅ።