ይድረስ ለኤስ፣ ከሐዋሳ

ለእንግሊዝኛው የሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ኤስ («እሱ» ወይም «እሷ» ሲባል ግሥ ጭራ ላይ ለሚለጠፈው)
ባለህበት

ጉዳዩ፦ ሥራ ሳይሠሩ ሰው ማሳጣትን ይመለከታል

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አንቱ ያላልኩህ ንቄህ አይደለም። በእናንተ ቋንቋ ሚኒስትሩም ሊስትሮውም «ዩ» ስለሚባል ነው።

እኛ ሐዋሳ ደህና ነን። ሐይቁ አለ፣ ባጃጁ አለ፣ ሙቀቱም አለ። አንተም አለህ፤ ችግሩ እሱ ነው። ስትፈለግ ትጠፋለህ፣ ሳትፈለግ ከተፍ ትላለህ።

በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ሆቴል ውስጥ ለሪሴፕሽን ሥራ ኢንተርቪው ገባች። የድሮ አለቃዋ እንደሚያምናት ልትናገር «ማይ ቦስ ትረስት ሚ» አለች። ጠያቂው ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ታውቃታለህ፣ ያስተማርከው አንተ ነህ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገና «ዳዝ ዩ ኖው ኤክሴል?» ብሎ ቀጠለ። አየህ፣ እሷ የጣለችህን እሱ አንስቶ አጉል ቦታ ለጠፈህ። ሥራውን ያጣችው ግን እሷ ናት።

እስቲ በሞቴ፣ የሥራ ድርሻህ ምንድን ነው? «ሂ» ከተባለ ሰውየው አንድ መሆኑ ታውቋል፣ ወንድነቱም ታውቋል። አንተ ግሡ ጭራ ላይ ተንጠልጥለህ «አንድ ነው እኮ» ትላለህ። ሰምተናል! እኛ ጋ የግሥ ጭራ ሠርቶ ነው የሚበላው። «መጣች» ካልን ሴት ናት፣ አንድ ናት፤ «እሷ» ማለት እንኳን አያስፈልግም። «መጡ» ካልን ወይ ብዙ ናቸው፣ ወይ ከወንበር የሚያስነሱ ትልቅ ሰው ናቸው። እዚሁ የምንሰማው ሲዳሙ አፎም ወንዱንና ሴቷን በግሡ ይለያል። አንተ ግን ለከንቲባውም፣ ለፍየሉም፣ ለዝናቡም ያው ነህ።

ሥራውን ማን እንደሚሠራልህ ልንገርህ? የቃላቱ ሰልፍ ነው። ካላመንክ አሞራ ገደል ውረድ። ዓሣ አጥማጆቹ ትርፍራፊውን ሲወረውሩ አባ ኮዳዎቹ ይጋፋሉ። አስጎብኚው ልጅ ለፈረንጁ «ዚስ በርድ ኢት ፊሽ» ይላል። አንተ የለህም። ፈረንጁ ግን ዓሣው አሞራውን በላ ብሎ አይደነግጥም። በእንግሊዝኛ ከግሡ ፊት የቆመው በላተኛ ነው፣ ከኋላው የቆመው ደግሞ ምሳ። ልጁ ሰልፉን አዛብቶ «ፊሽ ኢት በርድ» ቢል ኖሮ ነበር ጉዱ። እኛ ለዚህ «ን» አለችን። «አሞራው ዓሣውን በላው» ብንልም፣ «ዓሣውን አሞራው በላው» ብንልም ዓሣው ከመበላት አይተርፍም። «ን» እንዳንተው አንድ ፊደል ናት፤ ብትቀር ግን ማን ማንን እንደበላ ያጣላል። አንተ ስትቀር ልጁ ጉርሻውን ተቀብሎ ወደ ሌላ ቱሪስት ይሄዳል።

ታሪክህንም አጣርቻለሁ። ጥንት እንግሊዝኛ ለእኔም፣ ለአንተም፣ ለእሱም፣ ለብዙውም የግሥ ጭራ ነበረው። አብዛኛው ረገፈ፣ አንተ ቀረህ። ደግሞ የለንደን ልጅ አይደለህም። ከሰሜን እንግሊዝ ከክፍለ ሀገር መጥተህ ነው «ኤት» የሚባለውን ነባር የግሥ ጭራ ከወንበሩ ያስነሳኸው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገና ወንበሩ ላይ ያለው እሱ ነው፤ «ሂ ጎኤት» ይባላል። ሼክስፒር ሁለታችሁንም ይጠቀም ነበር፤ ማን እንደሚያሸንፍ ጠርጥሮ መሰለኝ ከማንም ሳይጣላ አለፈ። ዛሬም እዚያው እንግሊዝ፣ ኖርፎክ በሚባለው በኩል፣ ቤታቸው ውስጥ «ሺ ጎ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ባለ አገሮቹ! የእኛን የሆቴል ኢንተርቪው ቢገቡ ግን ይወድቃሉ።

ፀባይህማ አይነሳ። ስም ላይ ስትቀመጥ ብዙ ነህ፣ ግሥ ላይ ስትቀመጥ አንድ። «ቦይስ» ብዙ ልጆች፣ «ረንስ» አንድ ሯጭ። ልጆቹ ስለበዙ ግሡም ላይ ኤስ የጨመረ ተማሪ ኤክስ ይደረግበታል፤ ከሁለታችሁ ግን ነገሩን ያሰበበት እሱ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ከግሡ ተነስተህ «ዱ» ላይ ትፈናጠጣለህ፦ «ዳዝ ሂ ጎ?» «ካን» እና «ማስት» ዘንድ ግን ድርሽ አትልም። ለምን ሲባል «ረዳት ግሥ ስለሆኑ» ይሉናል። «ዱ»ስ ረዳት አይደለም? ስትጻፍ ያው ኤስ፣ ስትነገር ሦስት ነህ፦ «ዎርክስ» ላይ ስ፣ «ጎዝ» ላይ ዝ፣ «ዎሺዝ» ላይ ጭራሽ ኢዝ።

ይሄ ሁሉ ሰው አስበረገገ። አንዴ ባንተ የተሳቀበት ሰው ከዚያ በኋላ ለጥንቃቄ ብሎ ያገኘው ነገር ላይ እንደ ሚጥሚጣ ይነሰንስሃል። ታፔላው «ዊ ሴልስ» ይላል። ሜኑው «ፊሽስ ጉላሽ» ይላል። ስብሰባ ላይ «ኢንፎርሜሽንስ» ይሰጣል።

የገረመኝን ልንገርህ። አንድ ባጃጅ «ጎድ ብለስ ዩ» የሚል ስቲከር ለጥፏል። አንድ የተማረ ተሳፋሪ «ጎድ ሦስተኛ መደብ ነው፣ ኤስ ጎድሏል» ብሎ ሹፌሩን ሲያፋጥጠው ሰማሁ። ትክክሉ ግን ስቲከሩ ነው። ምርቃት ነዋ! እኛም ስንመርቅ «ይባርክህ» እንላለን እንጂ «ይባርክሃል» አንልም። እንግሊዝኛም ሲመርቅ አንተን ውጭ ያስቀምጥሃል። ሹፌሩ ይሄን የሚያስረዳበት ቃል አልነበረውም፤ ሳቀና የሂሳቡን መልስ ሰጠው። ተሳፋሪው ያሸነፈ መስሎት ፒያሳ ወረደ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይሄ ነው። እኛ አገር ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ የኒውተን ሕግ ገብቶት እያለ፣ አንተን እንዳይስት ፈርቶ እጁን ሳያወጣ ይቀራል። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ ኑር፣ ማመልከቻ ላይ ኑር፣ ፈተና ላይም ካልክ ኑር። ሰው አፉን ሲከፍት ግን ዞር በልልን። ዞር አልልም ካልክ ኢንተርቪው ጠያቂዎቹን አስቀድመህ ፈትናቸው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለ«ኢድ»፣ ለኃላፊ ጊዜው የግሥ ጭራ፣ እንዲያውቀው
ለ«ዘ»፣ ከስም ፊት ለሚቆመው፣ ሐዋሳ ሐይቅ ስም ላይ የማይገባበትን፣ አዋሽ ወንዝ ስም ላይ ግን የሚገባበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያቀርብ